ቀረፃ ላይ ጌይኑን የት እናቁመው? ስለ ሌቭልና ሄድሩም

ጌይን ከማይኩ የሚገባው ድምፅ ምን ያህል እንዲጎላ የምንወስንበት የመግቢያ ማዞሪያ ነው። ቁጥሩን እናስቀድም። በ24 ቢት (ቢት ድምፁ በስንት ደረጃ ተከፋፍሎ እንደሚመዘገብ የሚወስን ቁጥር ነው) የምትቀዱ ከሆነ የድምፁ አማካይ መጠን -18 ዲቢ (ዲሲቤል፣ የድምፅ መጠን መለኪያ) አካባቢ ይዋል። ከፍ የሚሉት ጫፎች፣ ፒክ የምንላቸው፣ ከ-12 እስከ -8 ባለው መሃል ይመላለሱ። በጣም ኃይለኛው ቅጽበት እንኳ ከ-6 ባያልፍ ይመረጣል። ከዚያ በላይ እስከ 0 ድረስ ያለው ባዶ ቦታ ሄድሩም ነው፤ የባከነ ቦታ አይደለም። ድምፃዊው ስሜት ውስጥ ሲገባ፣ ከበሮው ሲበረታ፣ ሳይታሰብ እልልታ ሲቀልጥ ቀረፃውን የሚያተርፈው እሱ ነው።

በዲጂታል ሜትር ላይ 0 ጣሪያው ነው። ልኬቱ ሁሉ በመቀነስ ምልክት የሚነበበውም ለዚህ ነው። ከማይኩ የመጣውን ኤሌክትሪክ ወደ ቁጥር የሚቀይረው ክፍል፣ ኮንቨርተሩ፣ ከጣሪያው በላይ የሚጽፈው ቁጥር የለውም። ስለዚህ ያለፈውን ሞገድ በሙሉ በዚያው በመጨረሻው ቁጥር ይመዘግበዋል። ክብ የነበረው ጫፍ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ድምፁም ይሰነጠቃል። ክሊፕ አደረገ የምንለው ይህንን ነው። ከተቀዳ በኋላ ፌደሩን፣ የትራኩን መጠን የሚቆጣጠረውን ተንሸራታች፣ ብታወርዱት ጠፍጣፋው ጫፍ ዝቅ ብሎ ይታያል እንጂ ክብ ሆኖ አይመለስም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

ለምን ይህን ያህል ዝቅ?

"ቀዩን ሳትነካ፣ ግን የቻልከውን ያህል ወደ ቀዩ ተጠግተህ ቅዳ" የሚለው ምክር ዛሬም በየስቱዲዮው ይሰማል። በቴፕ ክር ይቀዳ በነበረበት ጊዜ ትክክል ነበር። ቴፕ የራሱ የሆነ የማያቋርጥ ሽሽታ አለው፤ ሙዚቃውን ዝቅ አድርጎ የቀዳ ሰው በኋላ ከፍ ሲያደርገው ሽሽታውንም አብሮ ያነሳዋል። ደግሞም ቴፕ ሲሞላ በአንዴ አይቆርጥም፤ ቀስ እያለ ነው የሚያፍነው። እንዲያውም ትንሽ ማለፉ ድምፁን ወፈር ያደርገው ነበር። ቀጥለው የመጡት ዲጂታል መቅረጫዎች ደግሞ 16 ቢት ስለነበሩ ልማዱ አብሮ ተሻገረ።

አሁን ሒሳቡ ተለውጧል። 16 ቢት 65,536 ደረጃዎች አሉት፤ በዲቢ ሲሰላ 96 ገደማ ነው። 24 ቢት ግን 16,777,216 ደረጃዎች አሉት፤ በወረቀት ላይ 144 ዲቢ ይሆናል። እርግጥ 144ን በተግባር የሚሰጥ ኮንቨርተር የለም፤ ጥሩ የሚባሉት ከ110 እስከ 120 ባለው ውስጥ ናቸው። ያም ሆኖ ብዙ ነው። አንድ ቢት 6 ዲቢ ገደማ ስለሚይዝ ፒኩን -12 ላይ ብታቆሙት የተዋችሁት ሁለት ቢት ብቻ ነው፤ 22 ይቀራችኋል። በሌላ በኩል ደግሞ በተራ ክፍል ውስጥ ያለው የጀርባ ጫጫታ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ማራገቢያ፣ የመንገዱ መኪና፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ ብዙውን ጊዜ -60 ዲቢ አካባቢ ተቀምጦ ይገኛል። የ24 ቢት ወለል ከዚያ እጅግ በታች ነው። ጌይኑን በ6 ዲቢ ብትጨምሩ ድምፃዊውም የመንገዱ መኪናም እኩል በ6 ዲቢ ይጨምራሉ፤ ያተረፋችሁት ነገር የለም።

የ-18 ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም። የስቱዲዮ ዕቃ የሚሠራበት መደበኛ መጠን፣ ባለመርፌው ሜትር 0 የሚያሳይበት፣ 1.23 ቮልት ገደማ ነው። የአሜሪካ ብሮድካስት ይህን መጠን ከዲጂታሉ -20 ጋር አስተካክሎታል፤ የአውሮፓው ደግሞ ትንሽ ዝቅ ያለውን የራሱን መነሻ መጠን ከ-18 ጋር። ፕሪአምፑ፣ የማይኩን ደካማ ምልክት የሚያጎላው ክፍል፣ ሳይጨነቅ ንጹሕ ሆኖ የሚሠራው እዚያ አካባቢ ነው። የቆዩ ኮምፕሬሰሮችንና (የጮኸውን ድምፅ የሚጨምቁ) ኢኪዎችን (ወፍራምና ቀጭኑን ድምፅ የሚያመጣጥኑ) የሚመስሉ ፕለጊኖች፣ ማለትም ፕሮግራሙ ላይ የሚጨመሩ መሣሪያዎች፣ ብዙዎቹ የሚጠብቁትም ይህንኑ መጠን ነው። -3 ላይ የተቀዳ ድምፅ ስታስገቡባቸው ገና ሳትነኳቸው መጭመቅና ማወፈር ይጀምራሉ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ዋጋቸው ዝቅ ያሉ አንዳንድ ኢንተርፌሶች (ማይኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኙ ዕቃዎች)፣ ለምሳሌ ቤሪንገር ዩኤም2 እና ዩኤምሲ22፣ ኮንቨርተራቸው 16 ቢት ነው። ፕሮግራሙ ላይ 24 ብትመርጡም ከዕቃው የሚመጣው 16 ነው። በእነዚህ የምትቀዱ ከሆነ ፒኩን ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ ከ-8 እስከ -6 ይሁን። ከዚያው ቤት የወጣው ዩኤምሲ202ኤችዲ 24 ቢት ስለሆነ ይህ አይመለከተውም።

ጌይን አወጣጡ

መጀመሪያ ፕሮግራሙን አዘጋጁ። ኩቤዝም ይሁን ኤፍ ኤል ስቱዲዮ፣ ሪፐርም ይሁን ሎጂክ፣ ፕሮጀክቱን 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርትዝ አድርጉት (ለሙዚቃ ብቻ ከሆነ 44.1 ይበቃል)። ማስተሩ (ሁሉም ድምፅ ተደምሮ የሚወጣበት ቻናል) ላይ ሊሚተር (ድምፁ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ የሚጫን ፕለጊን) ካለ አጥፉት። ኤፍ ኤል ስቱዲዮ በአንዳንድ መነሻ ፋይሎቹ ላይ ሊሚተር አስቀምጦ ነው የሚከፍተው፤ እሱ እያለ የማስተሩን ሜትር ብታምኑት የመግቢያውን እውነተኛ መጠን አታዩትም። ዊንዶውስ ላይ የሚቀዳ ሰው ደግሞ የማይኩን የድምፅ ማሻሻያ አማራጮች ያጥፋ። ጌይኑን በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ነገር በርቶ ከሆነ የእናንተ ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው፤ ዝምታው ላይ ጫጫታውን ይጎትታል፣ ድምፃዊው ሲጀምር ደግሞ የመጀመሪያውን ቃል ይቀጠቅጠዋል።

ቀጥሎ ጌይኑን ሙሉ በሙሉ ዝቅ፣ ስፒከሩን ዝም አድርጉና ማይኩን ሰኩ። ኮንደንሰር ማይክ (ለመሥራት ኤሌክትሪክ የሚፈልግ) ከሆነ ከኢንተርፌሱ የሚላክለትን 48 ቮልት የምታበሩት ከዚህ በኋላ ነው። 48 ቮልቱ በርቶ ገመድ መሰካትና መንቀል ኃይለኛ ጓታ ያመጣል፤ ጆሮም ስፒከርም ይጎዳል።

ጌይኑን ከመንካታችሁ በፊት ግን ርቀቱን ወስኑ። ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ለብቸኛ ድምፃዊ ከአፉ እስከ ማይኩ አንድ ስንዝር፣ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ጥሩ መነሻ ነው፤ የአየር መከላከያው መሃል ላይ ይሁን። ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዲቢ ይቀንሳል፣ በግማሽ ሲያጥር በ6 ይጨምራል። ድምፃዊው አዝማቹ ላይ ራሱን ወደ ማይኩ ዘንበል አድርጎ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢደርስ፣ ምንም ሳይጮህ 6 ዲቢ ጨመረ ማለት ነው። ላዩ ላይ ደግሞ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሰማ ማይክ ሲቀርቡት ወፍራሙን ድምፅ ስለሚያጎላ ሜትሩ ከዚያም ይበልጥ ይዘላል። ስለዚህ ወለሉ ላይ ቴፕ ለጥፉ፤ እግሩ ከዚያ አይለፍ።

አሁን ያዘፍኑት። "ሃሎ፣ አንድ ሁለት" አይበቃም፤ ማንም ሰው ሲፈተሽ ድምፁን ይቆጥባል። የዘፈኑን ኃይለኛ ቦታ፣ ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን አዝማች፣ ትራኩ እየተጫወተለት ከልቡ እንዲለው ጠይቁት። ጌይኑን ቀስ እያላችሁ ክፈቱ። ፒኩ -10 አካባቢ ሲደርስ አቁሙ፤ ከዚያ ደግሞ 2 ወይም 3 ዲቢ መልሱት። የምትመልሱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀረፃው እውነት ሲሆን ድምፃዊ ከሙከራው ይልቅ ከ3 እስከ 6 ዲቢ መጨመሩ የተለመደ ነው።

የኢንተርፌሱ መብራት ይረዳል፣ ግን በሱ ብቻ አትመሩ። ፎከስራይት ስካርሌት ላይ በጌይኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት አረንጓዴ ከሆነ ድምፅ እየገባ ነው፤ ብርቱካናማው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቀይ ከሆነ ጣሪያውን ነክቷል። አረንጓዴው ብቻውን ትክክለኛውን መጠን አይነግራችሁም። ትክክለኛውን ቁጥር ከፕሮግራሙ ሜትር አንብቡ፤ ከፍተኛውን ፒክ ይዞ የሚያቆይ ሜትር ሁሉም ፕሮግራም አለው።

በመጨረሻ 30 ሴኮንድ ቅዱና መልሳችሁ ስሙት። የሞገዱን ምስል አጉሉና ጫፎቹን ተመልከቱ። ክብ ወይም ሹል ከሆኑ ደህና ናችሁ፤ በቀጥታ መስመር የተቆረጡ ካሉ ከጌይኑ ቀንሱ። ሲያልቅ የማዞሪያዎቹን ቦታ በስልክ ፎቶ አንሱ። ድምፃዊው ከሳምንት በኋላ ሁለት ስንኝ ሊያስተካክል ሲመለስ አዲሱ ከአሮጌው ጋር እንዲገጥም፣ ጌይኑም ርቀቱም ያው መሆን አለባቸው።

"ድምፄ አይሰማኝም"

ብዙ ቀረፃ የሚበላሸው በዚህች አረፍተ ነገር ነው። ድምፃዊው ሄድፎኑን አድርጎ ትራኩ ሲጫወት የራሱ ድምፅ ይጠፋበታል፤ ቀጂው ጌይኑን ከፍ ያደርጋል፤ ሜትሩ ቀይ ይሆናል። ችግሩ ጌይኑ አይደለም። የመጣው ማጀቢያ ሙዚቃ አስቀድሞ ማስተር የተደረገ (ለመውጣት ተጠናቅቆ መጠኑ ከፍ የተደረገ) ስለሆነ ፒኩ 0 ላይ ተጣብቋል፣ አማካዩም -10 አካባቢ ነው። የእናንተ ድምፅ ደግሞ በትክክል -18 ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ትራኩን በ10 ወይም በ12 ዲቢ አውርዱት፤ ከዚያ አጠቃላይ መጠኑን በሄድፎን ማዞሪያው ክፈቱ። የሄድፎን ማዞሪያ ከሚቀዳው ነገር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የፈለጋችሁትን ያህል ብታዞሩት ፋይሉ አይለወጥም።

የፕሮግራሙ ፌደርም እንደዚሁ። የምትቀዱበትን ትራክ ፌደር ብታወርዱ የምትሰሙት ይቀንሳል፤ ወደ ፋይሉ የሚገባው ግን ጌይኑ የሰጠው ነው። ቀዩ ከበራ እጃችሁ የሚሄደው ወደ ኢንተርፌሱ ጌይን ብቻ ነው።

መሣሪያ በመሣሪያ

የ-18ቱ አማካይ ለሁሉም አይሠራም፤ መሣሪያዎች ጠባያቸው ይለያያል። መሰንቆ በደጋን የሚጎተት ስለሆነ ድምፁ አይቋረጥም፤ በአማካዩና በፒኩ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። አማካዩን -18 ላይ ስታቆሙት ፒኩ በራሱ -10 አካባቢ ይወድቃል። ዋሽንትም እንዲሁ ነው፤ እሱ ላይ የሚያስቸግረው የላይኛው ድምፅ ነው። ነፊው ወደ ላይ ሲወጣ ኃይሉ በጣም ስለሚጨምር ጌይኑን በላይኛው ድምፅ አውጡ። ማይኩንም ከአፉ ፊት ሳይሆን ወደ ጣቶቹ አዙሩት፤ ትንፋሹ ከዋሽንቱ ድምፅ በላይ እንዳይመታው።

ከበሮ ተቃራኒው ነው። እጅ ቆዳውን የሚመታበት ቅጽበት በጣም አጭርና በጣም ኃይለኛ ነው፤ ወዲያው ይጠፋል። አማካዩን -18 ለማድረስ ብትታገሉ ፒኩ ጣሪያውን ሰብሮ ይወጣል። ለከበሮ አማካዩን እርሱትና ፒኩን ብቻ ተከታተሉ፤ -10 ላይ አቁሙት፣ አማካዩ -25 ቢያሳይ አትደንግጡ። ባለመርፌ ሜትር እዚህ ያሳስታል፤ መርፌዋ ለዚህ ፍጥነት አልተሠራችም፣ ገና ስትነሳ ምቱ አልፏል። መቺው በሰፊው ፊት በኃይል ሲመታ ፈትሹ፤ የታችኛው ጉምታ ከጠባቡ ፊት ይልቅ ብዙ ጉልበት ይዞ ነው የሚመጣው።

ክራር ሁለት መንገድ አለው። በማይክ ከሆነ ከገበቴው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቁና አውታሮቹ በአንድ ላይ ሲመቱ ጌይን አውጡ፤ በጣት ነጠላ ነጠላ ሲነካ ዝቅ ቢል ግድ የለም። ፒካፕ ያለው ከሆነ በቀጥታ ኢንተርፌሱ ላይ ስትሰኩት የመሣሪያ መግቢያውን ምረጡ፤ ብዙዎቹ ላይ ‘ኢንስት’ የሚል ቁልፍ አለ። በላይን መግቢያ ከሰካችሁት መግቢያው ፒካፑን ስለሚጫነው ድምፁ ይቀጥናል፣ ይከሳል። ያንን ጌይን በመጨመር ማስተካከል አይቻልም።

በገና ዝግ ያለ ነው፤ የሚቀዳውም ብዙ ጊዜ በለሆሳስ ከሚዘመር ድምፅ ጋር ነው። እዚህ ላይ ነው የማይኩ ምርጫ ከጌይኑ በላይ የሚወስነው። ሹር ኤስኤም7ቢ ስመ ጥር ማይክ ነው፣ ነገር ግን የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ትንሽ ነው፤ ለንግግር እንኳ 60 ዲቢ ያህል ጌይን ይፈልጋል። ሮድ ኤንቲ1-ኤን የመሰለ ኮንደንሰር ለዚያው ድምፅ 27 ዲቢ ገደማ የሚበልጥ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ የራሱ ሽሽታም 5 ዲቢ ብቻ ነው። ርካሽ ፕሪአምፕ ማዞሪያው መጨረሻ ላይ ሲደርስ ሽሽታው አብሮ ይወጣል፤ በበገናው እንዚራ (አውታሩን የሚያንዘረዝረው ቁራጭ ቆዳ) ነዝናዛ ድምፅ መሃል ያ ሽሽታ በግልጽ ይሰማል። ስለዚህ ለበገና ኮንደንሰር ይሁን፣ 30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር፣ ክፍሉ ጸጥ ያለ። ፒኩ -14 ላይ ቢቀር ምንም አይጎዳም። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ከጀመረ ግን ቀረፃውን አቁሙ፤ በጌይን የሚፈታ ችግር አይደለም።

መዘምራን ሲቀዱ ሄድሩሙን አስፉት። ከ10 እስከ 15 ሰው በአንድ ወይም በሁለት ማይክ ፊት ሲቆም ማይኩ ከፊተኛው ረድፍ 1.5 ሜትር ያህል ይራቅ፤ ቅርብ ከሆነ ከፊት ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ይሰማሉ። በተለመደው ዝማሬ ፒኩ -18 ላይ ይሁን። ዝቅ ያለ ይመስላል፤ ሆኖም ጭብጨባው ሲጀመርና እልልታው ሲከተል በአንዴ 10 ወይም 12 ዲቢ ይዘላል። እልልታ በጣም ቀጭንና የተሳለ ድምፅ ስለሆነ ክሊፕ ሲያደርግ መሰንጠቁ ከማንኛውም ነገር በላይ ጆሮ ይወጋል። ከሙከራው ላይ እልልታውን አስገቡ። እልል የሚሉት ሁለት ሦስት ሰዎች ከታወቁም ወደ ኋላ ረድፍ ይሂዱ፤ የአንድ ሜትር መራቅ የሚያደርገውን ኮምፕሬሰር አያደርገውም።

ጌይኑ ዜሮ ላይ ሆኖ እንኳ ቀይ ካበራ ምልክቱ ከመጀመሪያው ለፕሪአምፑ በዝቷል ማለት ነው። ማይኩ ወይም ኢንተርፌሱ ላይ የ10 ወይም የ20 ዲቢ መቀነሻ ቁልፍ ካለ ተጫኑት፤ ከሌለ ማይኩን አርቁ።

ሜትሩ አረንጓዴ፣ ድምፁ ግን የተሰነጠቀ

ይህ ነገር ብዙዎችን ግራ ያጋባል። ሞገዱን አጉልታችሁ ስታዩት ጫፎቹ ጠፍጣፋ ናቸው፣ ግን የተቆረጡት 0 ላይ ሳይሆን -8 ላይ ነው። ትርጉሙ ክሊፑ የተፈጠረው ከኮንቨርተሩ በፊት ነው። በብዛት የሚያጋጥመው ከሚክሰር ወደ ኢንተርፌስ ሲቀዳ ነው። የሚክሰሩ ቻናል ጌይን ከልክ በላይ ተከፍቶ ድምፁን እዚያው ቆርጦታል፤ ከዚያ ማስተር ፌደሩ ስለወረደ ኢንተርፌሱ ጋ ሲደርስ ዝቅ ያለ መስሏል። መፍትሔው ከምንጩ መጀመር ነው። በሚክሰሩ ላይ የቻናሉን ጌይን አውጡ፣ የክሊፕ መብራቱ ጭራሽ አይብራ፤ የቻናሉንና የማስተሩን ፌደር 0 ምልክት ላይ አድርጉ፤ በመጨረሻ የኢንተርፌሱን ጌይን አስተካክሉ። ገመዱም የሚገባው በላይን መግቢያ እንጂ በማይክ መግቢያ አይሁን፤ የሚክሰር መውጫ ለማይክ ፕሪአምፕ እጅግ ይበዛበታል።

የ‘ፓ’ እና የ‘ባ’ አየር ማይኩን ሲመታም ተመሳሳይ ነገር ይሆናል። ጉምታው የሚይዘው በጣም ወፍራሙን ድምፅ ስለሆነ በትንሽ ስፒከር አይሰማም፤ ሜትሩ ግን ይዘላል። ማይኩን ከአፉ ትንሽ ወደ ጎን ወይም ከፍ አድርጉት። ከ80 ኸርትዝ በታች የሚቆርጥ ቁልፍ ማይኩ ላይ ካለ አብሩት። ያው ቁልፍ ማይኩ የሰማውን የ50 ኸርትዝ የመብራት እምምታም ይቀንሳል፤ ምንጩን ግን አይነካም። ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ስትነቅሉት እምምታው ከጠፋ ችግሩ የኤሌክትሪኩ ምድር ነው። ወይ በባትሪ ቅዱ፣ ወይ ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ።

ስለ 32 ቢት ፍሎት

እንደ ዙም ኤፍ6 እና ኤፍ3 ያሉ መቅረጫዎች ሁለት ኮንቨርተር ጎን ለጎን አሠርተው በ32 ቢት ፍሎት ይቀዳሉ። በእነሱ የተቀዳ ድምፅ ሜትሩ ላይ ከ0 አልፎ ቢታይም በኋላ ስታወርዱት ሙሉ ሆኖ ይመለሳል። ሠርግ፣ ጥምቀት፣ ማንም የማይደግማቸው ነገሮች ላይ ለሚቀዳ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም የማይኩ የራሱ ወሰን አለ፤ ማይኩ ውስጥ የተሰነጠቀን ድምፅ የትኛውም ቢት አያድነውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አትሳሳቱ፦ በተራ ኢንተርፌስ እየቀዳችሁ ፕሮግራሙ ላይ 32 ቢት ፍሎት መምረጥ ይህን ጥቅም አይሰጥም። ኮንቨርተሩ 24 ቢት ነው፤ የቆረጠውን ቆርጦ ነው ለፕሮግራሙ የሚያስረክበው።

ሚክስ ላይ

እያንዳንዱ ትራክ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ማስተሩ ቀይ የሚሆነው ድምፆች ስለሚደመሩ ነው። እኩል መጠን ያላቸው ሁለት የተለያዩ ትራኮች ሲደመሩ 3 ዲቢ ያህል ይጨምራል፤ አንድ ዓይነት ከሆኑ 6። በዚህ ሒሳብ 16 ትራክ 12 ዲቢ ያህል ያነሳል። በ-18 የቀዳ ሰው ይህን ድምር ያለ ችግር ይችለዋል፤ በ-3 የቀዳው ግን ገና ሦስተኛው ትራክ ላይ ፌደር ማውረድ ይጀምራል።

ማስተሩ ካለፈ ሁሉንም ትራክ በአንድ ላይ መርጣችሁ በእኩል መጠን፣ ለምሳሌ በ6 ዲቢ፣ አውርዱ። የማስተሩን ፌደር ብቻ መጎተት የሚሠራው ማስተሩ ላይ ምንም ፕለጊን ከሌለ ነው። ኮምፕሬሰር ካለ ፌደሩ ብዙ ጊዜ ከኮምፕሬሰሩ በኋላ ስለሚመጣ፣ ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚገባው ድምፅ ያው የበዛው ነው።

ለማስተሪንግ የምትልኩት ፋይል 24 ቢት ዋቭ፣ ማስተሩ ላይ ሊሚተር የሌለበት፣ ፒኩ ከ-6 እስከ -3 ያለ ይሁን። -6 የተቀደሰ ቁጥር አይደለም፤ -9ም ቢሆን ማስተሪንግ የሚሠራው ሰው ቅር አይለውም። ቅር የሚያሰኘው በሊሚተር ተቀጥቅጦ የመጣ ሚክስ ነው።

ሲወጣ

የመጨረሻውን ፋይል ስታወጡ የሊሚተሩን ጣሪያ -1 ዲቢ ላይ አድርጉ፤ ‘ትሩ ፒክ’ የሚል ቁልፍ ካለው አብሩት። ተራ ሜትር የሚያየው የተመዘገቡትን ነጥቦች ብቻ ነው፤ ሞገዱ ግን በነጥቦቹ መሃል ከእነሱ በላይ ሊወጣ ይችላል። ወደ ኤምፒ3 ወይም ኤኤሲ ሲቀየር ደግሞ ፒኩ እንደገና ይንቀሳቀሳል፤ -0.1 ላይ የነበረው ከ0 አልፎ ይገኛል። ኤምፒ3 ለቴሌግራም ስታዘጋጁ የተቀየረውን ፋይል መልሳችሁ ፕሮግራሙ ላይ አስገቡና ፒኩን እዩት፤ ካለፈ ከዋቩ ላይ አንድ ዲቢ ቀንሳችሁ እንደገና ቀይሩ።

ዩቲዩብና ስፖቲፋይ የድምፁን አማካይ ጉልህነት በሉፍስ ለክተው -14 አካባቢ ያስተካክላሉ፤ አፕል ሙዚክ -16። የአውሮፓ ቴሌቪዥን መለኪያ -23 ነው። ዩቲዩብ የጮኸውን ይቀንሳል፣ ዝቅ ያለውን ግን አያነሳም። የእናንተ መዝሙር ስንት እንደተቀነሰበት ለማየት ኮምፒውተር ላይ ቪዲዮውን በቀኝ ጠቅ አድርጉና ‘ስታትስ ፎር ነርድስ’ የሚለውን ክፈቱ። በድምፁ መስመር ላይ 4.0 ዲቢ የሚል ከሆነ ዩቲዩብ በ4 ዲቢ አውርዶታል፤ አጠገቡ ያለው ቁጥርም 63 በመቶ ይላል። ያንን 4 ዲቢ ለማግኘት በሊሚተር የተቀጠቀጠው የከበሮ ምት እንደተቀጠቀጠ ቀርቷል፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ሥራ ሊሚተሩን በዚያው በ4 ዲቢ ላላ አድርጉት።